የዋኘው ስልክ

ኮኪት፣ ሐምሌ 14 ቀን

ለማከብርዎት እናቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን የሚያምዎት ሻል አለልዎት? ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ በስልክ «አንቺ» እያልሁ አውርቼዎታለሁ። ዛሬ «እርስዎ» የምልበትን ምክንያት አሁን እነግርዎታለሁ። የሚያነብልዎት ሰው አጠገብዎ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ያንብብልዎት።

እኔ ኮኪት ላይ ስልክ ቻርጅ የማደርግ ሰው ነኝ። በጦርነቱ ምሰሶዎቹ ወድቀው፣ ትራንስፎርመሩም በጥይት ተበስቶ ዘይቱ ከፈሰሰ ወዲህ ከተማው መብራት የለውም። ጣሪያዬ ላይ አራት ሶላር አለኝ። ኃይሉን የሚያጠራቅሙልኝን ሁለት ትልልቅ ባትሪዎች ከካርቱም ሸሽታ በድንበሩ ከተማ በገላባት በኩል ከገባች፣ ሙሚና ከምትባል ሴት ገዛኋቸው። የሐኪም ቤት ነበሩ፣ ሕንፃው ሲመታ የተረፉት እነሱ ብቻ ናቸው አለችኝ።

ልጅዎ ዋኘው ጥቅምት ላይ ሰሊጥ አጨዳ ሲሄድ ስልኩን እኔ ዘንድ አኖረ። ቅዳሜ ለገበያ ስመጣ እወስደዋለሁ አለኝ። ሳቂታ ነበር። ቅዳሜ ሠራተኞቹን የጫነው መኪና መንገድ ላይ ተኩስ ገጠመው። ሬሳዎቹን ካነሡት አንዱ እኔ ነኝ። ዋኘውን በእጄ ነው የቀበርሁት፣ ከእርሻው ዳር።

እናቴ፣ ሲደውሉ ስልኩን ያነሣሁት ይህንኑ ልነግርዎት ነበር። በማግስቱ እሑድ ነበር፣ ከቅዳሴ በኋላ። አፌን ሳልከፍት «ዋኘው! ተመስገን፣ አለህልኝ!» ብለው አለቀሱ። «አቤት እማዬ» ከማለት በቀር ከአፌ የወጣ ነገር የለም። በየእሑዱ ደወሉ፤ በየእሑዱ አቤት አልሁ። ድምፅህ ጎረነነ ሲሉኝ የቆላው አቧራ ነው እያልሁ አታለልሁዎት።

መደርደሪያዬ ላይ ባለቤት ያልመጣላቸው ሌሎች አሥር ስልኮች አሉ። ፀሐይ ወጥታ ባትሪዎቹ ሲሞሉ ተራ በተራ ይበራሉ፤ አንዳንዴም ይጠራሉ። እነሱን አንሥቼ አላውቅም። ሙሚና ሱቄ ስትገባ ጀርባዋን ለመደርደሪያው አትሰጥም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ደመናው ከበደና ባትሪዎቹ አልሞላ አሉኝ። የደንበኞቼን ስልክ መለስሁ፣ አምፖሌንም ነቀልሁ፤ የዋኘውን ብቻ ቻርጅ ላይ አስቀረሁ። ያኔ ደወሉ። «በሕልሜ አየሁህ» አሉኝ። «ግማሽ ጎኑ የተቃጠለ ዛፍ ሥር፣ ጥቁር መሬት ላይ ተኝተሃል። ቀኝ እግርህ ጫማ የለውም።»

ዋኘውን የቀበርሁት እንዲህ ካለ ዛፍ ሥር ነው፤ ስለ ዛፉ ለማንም ነግሬ አላውቅም። የቀኝ እግሩን ጫማም ስንቀብረው ፈልገን አጥተነዋል። እርስዎም በቀስታ፣ «አንተስ ልጄ፣ እናት አለችህ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

ሳልመልስልዎት ተቋረጠ። የኔትወርክ ማማውም በባትሪ ኖሯል የሚሠራው፤ አልቆ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ለዚህ ነው የጻፍሁት።

ሽመክት የሚባል ሹፌር ደብዳቤውንና ስልኩን ያደርስልዎታል። ስልኩን ሞልቼዋለሁ። ዋኘው ሲያንጎራጉር ራሱ የቀዳው አለበት፤ የእሱ ድምፅ ያ ነው። መቃብሩን ማየት ቢሹ ከሽመክት ጋር ይምጡ፤ ዛፉ ድረስ እጅዎን ይዤ እወስድዎታለሁ።

ለጠየቁኝ መልሱ፣ የለችኝም ነው። መንደራችን ሲቃጠል ቤት ውስጥ ነበረች፣ እኔ ገበያ ነበርሁ። ሦስት ጊዜ ደውላልኝ ነበር አሉ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር።

ይህን ያሰማዎትን አንደበቴን ይቅር ይበሉት። ፈጣሪ የሚያጽናናዎት ሰው ከአጠገብዎ አያሳጣዎት።

ልጅዎ፣
እንግዳው