ሣር ላይ የተሰጣው ጋቢ

ጥር 2
የደባርቅ ብርድ ዛሬ ጆሮ ይቆርጣል። ሠርጌ አሥራ አምስት ቀን ቀረው! ለአያቴ፣ ለእምዬ፣ ዓይን የሚወጋ ነጭ ጋቢ ገዛሁላት። አየችና መልሳ ጠቀለለችው።
"ጓዳ ሆኜ እመርቅሻለሁ።"
ጓዳ?! ያሳደገችኝን ሰው ጉልበቷን ሳልስም ከቤት ልወጣ?
ጥቁር ልብሷን እህቷ ስጦታ ከሞተች ወዲህ አላወለቀችም። ሠላሳ ስንት ዓመት... ሰው ሁሉ ከል ነው ይላል።

ጥር 4
ተናገረች! ሽንኩርት እየላጥን፣ ድንገት።
በደርግ ጊዜ ነው፣ ዳባት እያሉ። አውሮፕላን ስለሚደበድብ ቀን ቀን ገደል ውስጥ ይውላሉ፤ ገበያ እንኳ ሲመሽ ነበር የሚቆመው። ነጭ ከላይ ይታያል ተብሎ ጋቢ ሁሉ ጭቃ ውኃ ይነከራል። ከዚያ አውሮፕላኑ ሦስት ሳምንት ሳይመጣ ቀረ።
"ነገ ከተራ ነው ብዬ ጋቢዬን አጠብኩ። ሣር ላይ አሰጣሁት። ስጦታን 'ጠብቂው' ብያት ውኃ ልቀዳ ወረድኩ..."
ቢላዋውን አስቀመጠች።
"እኔ ነኝ ያሳየኋቸው።"
ለካ ከል አይደለም! ስጦታን ያስገደላት ጋቢዬ ነው ብላ፣ ነጭ መልበስ ፈርታ ነው። ለነፍስ አባቷ እንኳ አልነገረችም። "ያንቺ ጥፋት አይደለም" አልኳት። ግን እኔ ምን አውቃለሁ? ያኔ አልተወለድኩም።

ጥር 5
እጮኛዬ ልደቱ ደወለ። "ድንኳኑን ጓዳ እንትከለዋ!" አለ። አልሳቅኩም... እሺ፣ ትንሽ ሳቅኩ።

ጥር 7
ዳባት የሠርግ ካርድ ላደርስ ሄድኩ። አባ ገብረ ኪዳን ያኔ የእምዬ ጎረቤት፣ ወጣት ቄስ ነበሩ። ያን ቀን ያስታውሱት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።
"ማን ይረሳል ልጄ! ለጥምቀት አገሩ ሁሉ አጥቦ ነበር። አጥሩ፣ ድንጋዩ፣ ሣሩ... ነጭ በነጭ።" ጥምጣማቸውን እየነኩ፣ "እኔም ጥምጣሜን ግንቡ ላይ አስጥቼ ነበር። በኔ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ሰገድኩ!"
ልጮህ ምንም አልቀረኝም!
"አባ፣ ይነሡ! አሁኑኑ! ሚኒባስ አለ!"
"መቋሚያዬን ላንሣ እንጂ፣ ምን ያጣድፍሻል?"
ደባርቅ እስክንደርስ አላስቻለኝም። እምዬን በክርስትና ስሟ ጠሯት።
"ወለተ ሥላሴ፣ ያንቺ ጋቢ ብቻ አልነበረም። ጥምጣሜም ተሰጥቶ ነበር።"
"እርስዎም?"
"እኔም።"
 ከዚያ ማን ማን እንዳጠበ ይቆጥሩ ጀመር... የእነ ገሠሠ እናት፣ የእነ ውቢት ቤት፣ ከወንዝ ማዶ ያሉት ሁሉ። ስጦታ ጋ ሲደርሱ አለቀሱ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ደስታዬን ግን የት ላድርሰው?

ጥር 8
በጠዋት አልጋዋ ባዶ። ደነገጥኩ። ደጅ ብወጣ አዲሱ ጋቢ ታጥቦ ሣር ላይ ተሰጥቷል! እምዬ አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀምጣለች።
"ግቢ፣ ብርድ ነው። እኔ ልጠብቅልሽ።"
"ተይው። እኔው እጠብቀዋለሁ።"

ጥር 17
ሙሽራው ሊደርስ ነው፣ ፀጉሬ ገና አላለቀም፣ እኔ እጽፋለሁ! እምዬ የድንኳኑ በር ላይ በነጭ ጋቢዋ ተቀምጣለች። ልደቱ ደወለ፤ "አያትሽን አየናቸው!" ይላል። እነሱ ገና ሩቅ፣ አስፋልቱ ላይ እኮ ናቸው!