አንድ አንቴና፣ አራት ቤት

ሰኞ፣ ሐምሌ 14። ጠዋት ጭጋግ፣ ከምሳ በኋላ ዝናብ። ቤት ውስጥ እኔና እማዬ ብቻ።

ዛሬም ጠፋ። አስር ሰዓት ላይ ከፈትኩት። የአቅራቢዋ ፊት ለአፍታ ታየ፣ ካሬ ካሬ ሆኖ ተሰነጣጠቀ፣ ከዚያ ጥቁር። «ሲግናል የለም» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ወዲያና ወዲህ ሲንሳፈፍ ቀረ። እማዬ ጽሑፉን ትንሽ ካየችው በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አጥሚቱ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ሐሳቤ እንዲሰበሰብልኝ ከመጀመሪያው ልጻፈው። በፋሲካ ሰሞን እማዬን ስትሮክ መታት። እግሯ ትንሽ ተመለሰ፣ አማርኛዋ ግን በዚያው ሄደ። የቀረላት በልጅነቷ ከአገሯ ይዛው የመጣችው ጉራጊኛ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ቋንቋውን አልሰማም። ልደታ ተወልጄ እዚሁ ነው ያረጀሁት። ትምህርት ቤት እንዳይሳቅብን ብላ በአማርኛ ያሳደገችን እሷው ናት። ወንድሜ ትንሽ ትንሽ ይሰማ ነበር፣ እሱም የለም። አክስቴ ከአገር ቤት ስትደውል እማዬ ስልኩን ከጆሮዋ ትገፋዋለች። ፊት የሌለው ድምፅ ያስፈራታል መሰለኝ።

የሚያግባባን ቴሌቪዥኑ ነው። የክልሉ ጣቢያ በየቀኑ ከአስር እስከ አስር ተኩል በጉራጊኛ ፕሮግራም አለው። በዲሽ አይመጣም። የሚመጣው ከከተማው ወዲያ፣ ተራራ ላይ ካለው ማሰራጫ ነው። ወንድሜ ጣሪያችን ላይ በረጅም ዘንግ የሰቀለው አንቴና ነው የሚስበው። አቅራቢዋ ስታወራ እማዬ ትመልስላታለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አንዳንዴም ትስቃለች። አፏ ሲከፈት ማንኪያውን አስገባለሁ። ከግንቦት ጀምሮ የምትበላው እንዲህ ነው። በሌላ ሰዓት ብለምናትም ሁለት ጉርሻ አታልፍም።

ሲግናሉ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ። እማዬም ከበላች እንደዚያው። ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ትንሽ ወተት። በቃ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15። ሲዘንብ ዋለ።

የሞከርኩት፦
ሪሲቨሩን ነቅሎ መልሶ መሰካት።
ቻናሎቹን እንደ አዲስ ማስፈለግ፣ ሁለት ጊዜ።
የገመዱን ጫፍ በጨርቅ መጥረግ።
ወንበር ላይ ቆሜ ዘንጉን በመጥረጊያ እንጨት ወደ ግራ መግፋት። ልወድቅ ነበር።

የሪሲቨሩ መመሪያ ወረቀት ግማሹ ተቀዷል፣ በቀረው ላይ ስለ ሁለት መስመሮች ይናገራል። አንዱ የሲግናሉ ጥንካሬ፣ ሌላው ጥራቱ። የእኛ ጥንካሬው ከግማሽ በታች ነው። ጥራቱ ቀይ ሆኖ ብቅ ይልና ይጠፋል። የድሮው ቴሌቪዥን በረዶ እየወረደበትም ሰው ይታይበት ነበር። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም፣ ወይ አለ ወይ የለም።

ጥፋተኛው ጌጃ ሰፈር በኩል የሚሠራው ፎቅ ይመስለኛል። በዚህ ወር ብቻ ሁለት ወለል ጨምሯል። ጥልፌን ይዤ መስኮቱ ሥር እቀመጥና ቀና እያልኩ አየዋለሁ። ምን እንደማደርገው አላውቅም።

የወሰንኩት የለም። ደንበኛ ያዘዘችኝ የቀሚስ አንገት ጥልፍ ለሐሙስ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16። እስከ ቀትር አባራ።

ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ደረጀን አመጣሁት። ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው፣ ጎልማሳ፣ ሲስቅ አይታይም፣ ሰውን ግን ያስቃል። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ብዙ ቆየ። የቆርቆሮው ድምፅ እማዬን አስደነገጣት፣ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። እጇ ቀሎብኛል።

ወርዶ እጁን እየታጠበ፣ «እህቴ፣ ፎቁን አትውቀሺው፣ ምንም አላደረገሽም» አለኝ። «አራት ቤት ከአንድ ጡት እየጠባ ነው።»

ወጥቼ እንዳይ አደረገኝ። ከአንቴናው የሚወርደው ገመድ የጣሪያው ክዳን ሥር ትንሽ ማከፋፈያ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ አራት ሆኖ ይወጣል። አንዱ የእኛ። አንዱ የእትዬ አስካለ። አንዱ የልብስ ሰፊው የጋሽ ታደሰ። አራተኛው ወደ ተከራዮቹ ክፍል። እሱን አላውቀውም ነበር፣ አዲስ ነው። ደረጀ እንዳለው ከዚያ ማሰራጫ እዚህ የሚደርሰው ድሮም እንጥፍጣፊ ነው። ለአንድ ቤት ይበቃል፣ ለሁለት በግድ፣ ለአራት አይሆንም። ደግሞ ክረምት ነው፣ ማያያዣዎቹ ውሃ ጠጥተዋል።

መቁረጫውን አውጥቶ ነበር። ተው አልኩት።

በዚህ ግቢ የሰው ገመድ ዝም ተብሎ አይቆረጥም። ይሄ ደግሞ እማዬ በቃሏ የሰጠችው ነው። ወንድሜ አንቴናውን የሰቀለ ቀን ግቢው መሐል ቆማ፣ ብቻውን የሚያይ ብቻውን እንደሚበላ ነው፣ ጅብ ነው፣ እናንተም ገመድ ሳቡ አለቻቸው ጎረቤቶቹን። እሷ አሁን ልትሽረው አትችልም። እኔ በምን አፌ?

ደረጀ ስትወስኚ ጥሪኝ ብሎ ሄደ። አስር ሰዓት ላይ ጥቁር። እማዬ ውሃ ብቻ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17። ደመና።

ልናገር ቆርጬ ወጣሁ። ቧንቧው ጋ እትዬ አስካለን አገኘኋቸው። ፊት ለፊታችን ነው የሚኖሩት፣ የእድሩም የሴቶች ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። ገና ሲያዩኝ፣ እናትሽ እንዴት ናት፣ ከፋሲካ ወዲህ በር ላይ እንኳ አላየኋትም አሉ። ጉንፋን ነው አልኳቸው። ባልዲዬን ሞልቼ ገባሁ።

ፈሪ።

ጉንፋን ማለት ከጀመርኩ ሁለት ወር አለፈኝ። እማዬ አማርኛ እንደጠፋት በግቢው የሚያውቅ የለም። በራችንን ዘግቼ ነው የማስታምማት። አንድ ትልቅ ሰው መናገር አቆመ ከተባለ ሴቶቹ መጥተው አልጋው ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ ከንፈር ይመጥጣሉ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል በዓይናቸው ይለካሉ። ለጋሽ ታደሰ እናት ሲያደርጉት አይቻለሁ። እናትየዋ አንድ ሳምንት አልቆዩም።

ለእትዬ አስካለ የምለውን በወረቀት ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

ጥልፉን አላደረስኩም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18። ጠዋት ፀሐይ፣ ኋላ ዝናብ።

ሄድኩ። የጻፍኩት ሁሉ ጠፋብኝና ከመጨረሻው ጀመርኩ። ገመዱን ላስነሳው ነው አልኳቸው። ምክንያቱን ሳልናገር።

እትዬ አስካለ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ቢላውን አስቀመጡት።

«እናትሽ በገዛ አፏ የሰጠችኝን አንቺ ልትቆርጪው?»

ድምፃቸውን ለግቢው ሁሉ ከፍ አደረጉና፣ «የእናት እጅ ሰፊ፣ የልጅ መቀስ ስለታም» አሉ። ጋሽ ታደሰ የስፌት መኪናውን አቆመ። የተከራዮቹ በር ገርበብ አለ። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ግቢ እንዲህ ተብሎ አያውቅም፣ ለእኔ። ልመለስ ነበር።

«እትዬ፣ ይምጡና እማዬን ይዩዋት» አልኩ።

እጃቸውን ሳይታጠቡ ተከተሉኝ። በሩን ከፈትኩት። ገና ሲያዩዋት ቆሙ። ስሟን ጠሩ። እማዬ በጉራጊኛ የሆነ ነገር አለቻቸውና ዓይኗን ጨፈነች። የአንገቷ አጥንት በነጠላዋ ሥር ቆሞ ይታያል። እኔ በየቀኑ ስለማያት ይሄን ያህል መክሳቷን አላወቅሁትም። የእሳቸውን ፊት ሳይ አወቅሁት።

«ጉንፋን ነው አላልሽኝም?»

«ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«የእድሩን ጡሩምባ።»

አልተቆጡም። እዚያው ቆመው ስለ ፕሮግራሙና ስለ ማንኪያው፣ ስለ አራቱ ገመድ ሁሉንም ነገርኳቸው። በአንድ ቀን ይሄን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ሰምተው ሲጨርሱ ወጡ። ከቤታቸው ወንበር ጎትተው ክዳኑ ሥር አቆሙ፣ ወጡበትና የራሳቸውን ገመድ በእጃቸው ነቀሉት። ክርናቸው ላይ ጠቅልለው ይዘውት ገቡ። ጎመኑ ደጅ ቀርቶ ዝናብ መታው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19። የገብርኤል ዕለት። ብራ።

እትዬ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጋሽ ታደሰንና ተከራዮቹን ራሳቸው አነጋገሩ። ጋሽ ታደሰ ገመዱን ሲያወርድ፣ «እኔን ብትጠይቂኝ ኖሮ የልብስ ስፌት መኪናዬንም እነቅልልሽ ነበር» አለኝ። ተከራዮቹ ትንሽ አጉረመረሙ፣ ኳስ አለ ብለው። ነቀሉት።

ደረጀ መጥቶ ማከፋፈያውን አወጣው፣ ገመዱን አንድ ወጥ አድርጎ ከአንቴናው በቀጥታ አወረደው። ጥራቱ አረንጓዴ ሆነ። እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ እማዬን አጥቤ ልብስ ቀየርኩላት። ዘጠኝ ተኩል ላይ አጥሚቱን አቀጠንኩ፣ ማር ጨመርኩበት። እትዬ አስካለ በርጩማ ይዘው መጡ።

አስር ሰዓት። መጣ። እንደ መስታወት የጠራ ነው፣ የአቅራቢዋ የጆሮ ጌጥ ሳይቀር ይታያል። ከአንዲት አሮጊት ጋር እንሰት ማሳ ውስጥ ቆማ ታወራለች። እማዬ ቀና አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። አንድ ነገር መለሰችላት። ማንኪያውን አቀረብኩ።

አልከፈተችም።

እስከ አስር ተኩል ሞከርኩ። ከንፈሯ ሲነካ ትንገሸገሻለች፣ በደህናው እጇ ማንኪያውን ትገፋለች፣ ዓይኗን ግን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም። ማር ያለበት አጥሚት አንገቷ ላይ ፈሰሰ። ምስሉ አንዴም አልተቆረጠም።

እትዬ አስካለ፣ «ገመዱ አይደለም፣ ልጄ» አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ያየሁት ጣሪያ ነው።

እሑድ፣ ሐምሌ 20። ካፊያ።

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁት ይሄ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። የእማዬን ትንፋሽ ሰማሁ። መታወቂያዋንና የስትሮኩን የሐኪም ቤት ካርድ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት፣ ካፊያው ቢገባም። የእትዬ አስካለን በር አንኳኳሁ፣ ለብሰው ነው የጠበቁኝ። ጋሽ ታደሰ እማዬን አዝሎ እስከ አስፋልቱ አወረዳት። ታክሲው የፊት ወንበሩን ለቀቀልን። ጤና ጣቢያው ድንገተኛ ክፍል አንድ ሰዓት ከሩብ ደረስን፣ ከፊታችን ሁለት ሰው ነበር።

ነርሷ መጀመሪያ ያደረገችው የእማዬን አፍ ከፍቶ በባትሪ ማየት ነው። እኔንም ጠርታ አሳየችኝ። ምላሷ፣ ጉንጯ በውስጥ በኩል፣ እስከ ጉሮሮዋ ነጭ ሽፋን፣ ከሥሩ ደም የመሰለ ቁስል። እንኳን አጥሚት ምራቅ መዋጥ ያቃጥላታል አለች። ከመቼ ጀምሮ ነው ስትለኝ «ሲግናሉ ከ...» ብዬ አቆምኩ። ሲግናሉ ከመጥፋቱ አንድ ቀን ቀድሞ ማንኪያውን መልሳብኝ ነበር። አጥሚቱ ትኩስ ሆኖባት መስሎኝ ነው። ስንት ጊዜ አመመኝ ብላኝ ይሆናል። በምን አውቃለሁ።

ጉሉኮስ ተከሉላት። ለአፏ ጠብታ አዘዙላት፣ እትዬ አስካለ ፋርማሲ ሮጡ። የመጀመሪያውን ጠብታ እኔ አደረግሁት፣ ነርሷ እንዳሳየችኝ፣ ንጹሕ ጨርቅ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ። ጣቴን ነከሰችኝ። በደንብ ነከሰችኝ።

አምስት ሰዓት ላይ ቀዝቃዛ ወተት በማንኪያ ሞከርኩ። አንድ ዋጠች። ቆይታ ሁለተኛ። ሦስተኛውን እያለቀሰች። አራተኛውን ተፋችው። ነርሷ እስከ ነገ ጠዋት በደንብ ካልዋጠች ሆስፒታል ነው የምንልካት ብላለች።

ይሄን የምጽፈው ካርዱ ጀርባ ላይ ነው፣ አልጋው ጠርዝ ተቀምጬ። አሁን ተኝታለች። ስትነቃ አራተኛውን እንደገና እሞክራለሁ።