አንድ ለዜሮ

ጥር 5

ዛሬም ግራጫ። ለስፌት ቤታችን የታዘዘው የሆቴል መጋረጃ አላልቅ ብሎኛል። ስሰፋ ውዬ ዓይኔ ራሱ ግራጫ የሆነ መሰለኝ።

ቤት ስገባ አባባ በረንዳ ላይ ናቸው። "እንዴት ዋሉ?" "ደህና።" በቃ፣ ይቺው ናት። ምድር ቤት የነበረው ፋርማሲስት ልጁ ጋ ሊኖር ከሄደ ወዲህ እንዲህ ሆነዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ቼዝ ሲጫወቱ ንትርካቸው ደረጃው ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን የቼዙ ሳጥን ቁም ሳጥን ላይ ወጥቷል። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ።

ታላቅ ወንድሜ ደወለ። ጋሼ ስልክ ላይ ይጮሃል፣ ሁሉንም ሰማሁ። "አባባ፣ እኔ ጋ ይምጡ እንጂ! ክፍሉ ተዘጋጅቷል። ሰፈራችን ውስጥ ጡረተኞች ቼዝ የሚጫወቱበት ክበብ አለ።" አባባም፣ "እሺ፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ ውሰደኝ" አሉ። ለጉብኝት አይደለም። ለመኖር።

እኔስ? ማን ጠየቀኝ!

ጥር 12

ስልኬ ላይ ቼዝ ጫንኩ። ኦንላይን ነው፣ ከማላውቀው ሰው ጋር ያገናኘኛል፣ ሳሸንፍ ነጥብ ይጨምራል፣ ስሸነፍ ይቀንሳል።

አባባን ለምን አስተምሩኝ አልልም? ብያለሁ ድሮ። "አንቺ ቁጭ ማለት አታውቂም" ብለው ተዉኝ። ደሞ ከጀማሪ ጋር አይጫወቱም፣ ጋሼንም በልጅነቱ አስለቅሰውታል። ስለዚህ ችዬ ነው የምቀርባቸው። የሚጫወቱት ሰው ቤታቸው ውስጥ ካለ ምን ሊያደርጉ ይሄዳሉ?

መጋቢት መጨረሻ ሩቅ ነው። ይቺ ጨዋታ ደግሞ ምን አላት?

ጥር 14

ተሸነፍኩ። ተሸነፍኩ። ተሸነፍኩ።

ገና ጠጠሮቼን ሳልዘረጋ ንግሥታቸው መጥታ ንጉሤ አፍንጫ ስር ቁጭ። ማት፣ አለቀ! ሲጀመር ስምንት መቶ ነጥብ ሰጥተውኝ ነበር፣ አሁን አራት መቶ ሃያ። መጨረሻ ላይ ግን ያቺ ንግሥት ስትመጣ "ነቄ ነኝ!" ብዬ ዘጋሁባት። ሰውዬው በሌላ መንገድ አሸነፈኝ። ቢሆንም።

ጥር 20

ምሳ ሰዓት። እትዬ፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። "ፍቅር ይዞሻል መሰል። ስልኩን እያየሽ ትስቂያለሽ፣ ደሞ ትሳደቢያለሽ።"

"ቼዝ ነው እትዬ።"

"ያው ነው" ብለው ሄዱ።

ትንሽ ቆይተው ተመለሱ። "ጨርቅም እንዲህ እየተጣደፍሽ ከሆነ የምትቆርጪው ንገሪኝ።" ወይ ጉድ! ጨርቅማ እንዴት ብዬ? መቀሱን ከማሳረፌ በፊት መስኮቱን አስባለሁ፣ ዘንጉን፣ እጥፋቱን፣ ጠርዙን... እዚህ ግን ያገኘሁትን ሁሉ እበላለሁ። ወታደር ይሰጡኛል፣ ደስ ብሎኝ እበላለሁ፣ ከዚያ ንግሥቴ ትሄዳለች።

ከዛሬ ጀምሮ ቀኝ እጄ ላይ እቀመጥበታለሁ። "ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?" ሳልል አላወጣውም።

ጥር 29

ስድስት መቶ ሰማንያ! የአምስት ደቂቃውን ጨዋታ ትቼ የአስራ አምስት ደቂቃውን ጀመርኩ። የድመት ፎቶ ያለው አንድ ተጫዋች ሁለቴ አሸንፎኝ ነበር፣ ዛሬ አንበረከክሁት። "በድጋሚ?" አለኝ። እምቢ። በድል ነው የምወጣው።

የካቲት 13፣ ቅዳሜ

ሳጥኑን አወረድኩ። አባባ ከጋዜጣቸው ቀና አሉ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልጫወት።"

"ከማን ጋር?"

"ከእርስዎ ጋር።"

መነጽራቸውን አወለቁ። መልሰው አደረጉ። "እስቲ አምጪው።"

አሁን ውርደቴን ልጻፍ። መደርደር አላውቅም! ስልኩ ራሱ ነዋ የሚደረድረው። ንጉሥና ንግሥቴን አቀያየርኩ፣ አባባ አስተካከሉልኝ። ከዚያ ደግሞ ምንም አይታየኝም። ስልክ ላይ ሁሉንም ከላይ ነው የማየው፣ እዚህ አንዱ ጠጠር ሌላውን ይከልለዋል። ብድግ ብዬ ከላይ ማየት ጀመርኩ። "ቁጭ በይ እንጂ! መጋረጃ ልትሰቅዪ ነው?"

ቁጭ አልኩ። ደህና እየሄድኩ ነበር፣ እውነቴን ነው። አንዱን ወታደሬን ገፋሁና እጄን ሰበሰብኩ።

"ንጉሥሽ ቼክ ላይ ነው" አሉ።

"መቼ?"

"ቅድም። ሳትገፊ በፊት።"

"ቀይ አልሆነም እኮ!"

"ምኑ?"

"ንጉሡ... ስልኩ ላይ ሲያነጣጥሩበት፣ ቼክ ሲሆን፣ የቆመበት ቤት ቀይ ይሆናል..."

አባባ ሰሌዳውን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ሳቁ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሳቸውና ፋርማሲስቱ "ቼክ" አይባባሉም ነበር ለካ፣ የሚያይ ያያል ነው ነገሩ። እኔም ሳቅሁ፣ መሳቃቸው ደስ ብሎኝ። ግን ጠጠሮቹን መሰብሰብ ጀመሩ። "ስትችይ እንጫወታለን።"

ሳጥኑ ተመልሶ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። "እዚያው ሳለሽ ሻንጣዬን አውርጂልኝማ" አሉ።

አወረድኩላቸው።

የካቲት 14

አላለቀስኩም። ትንሽ።

የካቲት 16

ከሆቴሉ ግራጫ ቁርጥራጭና ከሌላ ነጭ ጨርቅ የቼዝ ሰሌዳ ሰፋሁ። ቆንጆ ሆኖ ወጣ፣ ጠርዙ ሁሉ ድርብ ስፌት ነው። ጠጠሮቹን ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገዛሁ፣ ፕላስቲክ ናቸው።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ጨርቁን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ። ኦንላይን ያለው ሰውዬ ሲጫወት ጨርቁ ላይ አንቀሳቅስለታለሁ፣ ቁጭ ብዬ አስባለሁ፣ መጀመሪያ ጨርቁ ላይ ነው የምጫወተው፣ ከዚያ ስልኩ ላይ። ቀዩን ሳላይ ቼኩን ማየት አለብኝ። ጊዜ እያለቀብኝ እሸነፋለሁ። ይሁና!

እትዬ መጡ። "የሆቴሉን ጨርቅ ነው?" "ቁርጥራጭ ነው እትዬ።" ጫፉን ገልብጠው አዩት። "ስፌቱ ጥሩ ነው" አሉ።

የካቲት 27፣ ቅዳሜ

ሁለተኛ ጨዋታ። እኔው ደረደርኩ፣ እኔው ቁጭ አልኩ። ተሸነፍኩ፣ ግን ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆየሁ!

"ማነው ያስተማረሽ?"

"ሰዎች።"

"የት ያሉ?"

"እኔ እንጃ... ዓለም ላይ።"

አንድ ነገር አየሁ። ፈረሶቻቸውን አይሰጡም። ፈረስ ላለመስጠት ግንብ ሰጡኝ! ግንብ እኮ ይበልጣል። "ፈረስ የሌለው ሰው ምኑን ተጫወተው" አሉ። አስቀመጥኳት፣ ይቺን።

ሻንጣው ግን ክፍት ነው። ሸሚዞቹ ገብተዋል።

መጋቢት 11

ዘጠኝ መቶ ስልሳ። አባባ ዛሬም አሸነፉኝ፣ ግን መሐል ላይ ካፖርታቸውን አወለቁ። አላበኋቸው!

መጋቢት 20

ጋሼ ለእኔ ደወለ። እሑድ መጥቶ ይወስዳቸዋል። "ቼዝ ትጫወታላችሁ አሉ። ጎሽ! በይ እንግዲህ የቅዳሜዋን ልቀቂላቸው። ደስ ብሏቸው ይምጡ።"

ልልቀቅ? ከተሸነፍኩ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ካሸነፍኩ አኩርፈው ይሄዳሉ። ሲሸነፉ ደግሞ አውቃቸዋለሁ፣ ፋርማሲስቱን ሦስት ቀን ሰላም አይሉትም ነበር። አኩርፈው ቢለዩኝስ?

ግን አውቄ ብሸነፍ... ያ መሸኘት ነው። እኔ ለመሸኘት አይደለም የተማርኩት።

መጋቢት 25፣ ቅዳሜ

አሸነፍኩ።

ንጉሣቸው ጥግ ላይ ነበር፣ ሦስቱ ወታደሮቻቸው ፊቱ ተደርድረው መውጫ ዘግተውበታል። የእኔ ግንብ የመጨረሻው መስመር ላይ ከወረደ አለቀ። እሳቸው ያዩታል፣ ጊዜ ከሰጠኋቸው ያዩታል... ስለዚህ ወታደሬን ገፍቼ ፈረሳቸውን አስፈራራሁ። ፈረሱን አዩ። ሌላ ምንም አላዩም። ወዲያው አሸሹት፣ ደሞ "ሞኝሽን ፈልጊ!" አሉኝ።

ግንቤን አወረድኩ። "ቼክ" አላልኩም።

ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ንጉሣቸውን በጣታቸው አስተኙት። ተነስተው ክፍላቸው ገቡ፣ በሩን ዘጉ። ምሳ አልበሉም። ሻንጣውን ሲጎትቱት ሰማሁ።

ምን አደረግሁ? ጋሼ ልቀቂላቸው ሲለኝ ምን ነበረበት?

መጋቢት 26፣ እሑድ

ጋሼ በጠዋት መኪናውን በር ላይ አቆመ። ሻንጣው ሳሎን ቆሟል። አባባ ግን ጠረጴዛው ጋ ናቸው፣ ጠጠሮቹን ደርድረዋል።

"አባባ፣ እንሂድ?"

"ሻንጣውን ወደ ክፍሌ መልሰው።"

"ምነው? አመመዎት?"

"ደህና ነኝ። አንድ ለዜሮ እየተመራሁ ነው የምሄደው? ሰው ምን ይለኛል?"

ጋሼ ግራ ገባው። "እስካሁን እርስዎ አይደሉም እንዴ ሲያሸንፉ የነበሩት?"

"እሱ ማስተማር ነበር" አሉ። "ጨዋታው የተጀመረው ትናንት ነው።"

ጋሼ ወጥ ቤት ጠርቶ ተቆጣኝ። "ልቀቂላቸው አላልኩሽም?" "ለቅቄላቸው ቢሆን ይሄኔ መኪናህ ውስጥ ነበሩ" አልኩት። ሳቀና ሻንጣውን ራሱ መለሰው።

ሚያዝያ 2፣ ቅዳሜ

ሻንጣው ቁም ሳጥን ላይ፣ ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ። እንዲህ ነው ዛሬ ቤታችን።

ጨዋታው መሐል ላይ፣ ቀና ሳይሉ፣ "ይሄን ሁሉ የተማርሽው ለምንድነው?" አሉኝ።

ሌላ ምክንያት ልፈጥር ነበር። አልሆነልኝም። "እንዳይሄዱብኝ" አልኩ። በቃ፣ ወጣ።

ፈረሳቸውን አነሱ፣ እጃቸው ላይ ይዘው ቆዩ።

"ሻንጣውን ስታወርጂልኝ ዓይንሽ ቀይ ሆኖ ነበር" አሉ። "አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ።"

ፈረሱን አስቀመጡ። ቼክ ነበር። አየሁት፣ ንጉሤን አሸሸሁ።

"እህ" አሉ አባባ፣ ካፖርታቸውን እያወለቁ።