ከቀዩ ቀለም ሥር የነበረው ሰማያዊ

ይድረስ፣ በአቦቦ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ሥር ላረፍሽው ባለቤቴ ለወለተ ኪዳን።

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብለው መምህሮቼ አስተምረውኛል። ለአንቺ ግን «እንደምን ሰነበትሽ» ማለት አይገባኝም፤ በሕይወት ሳለሽም በቅጡ አልጠየቅሁሽም። ወባ ከለየችን እነሆ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን እንደ ሥርዓቱ አድርሻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ሥርዓት የማይሸፍነው በደል ስላለብኝ ነው።

ቤታችን ውስጥ የተለወጠ አንድ ነገር አለ። ከሳጥኑ ሥር የቀበርሁትን ሰማያዊ የሥራ ቱታሽን አውጥቼ፣ በር የሚገባ ሁሉ እንዲያየው ከምሰሶው ላይ ሰቅየዋለሁ። ዱሮ ሰው እንዳያየው ነበር የደበቅሁት።

ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ እኔ ከቅኔ ቤት የወጣሁ ኩሩ ወጣት እንደ ነበርሁ ታስታውሻለሽ። በሬዎቻችንን የቆላ ዝንብ የምታመጣው ገንዲ ፈጃቸው፤ ይህ ቆላ በሬ አያኖርም። የመንግሥት እርሻው የትራክተር ሹፌሮችን ሲመዘግብ አንቺ ሳትጠይቂኝ ስምሽን ሰጠሽ። ሱሪ ለብሰሽ ከዚያ ብረት ላይ ተቀምጠሽ ባየሁሽ ዕለት ፊቴን አዞርሁ። አንቺ ግን አልተቀየምሽኝም። ከአሠልጣኝሽ የሰማሽውን የትራክተሮች የዘር ሐረግ፣ እኔ የነገሥታትን እንደምቆጥር፣ በገበታ ላይ ትቆጥሪልኝ ነበር። አረንጓዴው ትራክተር ጭቃ የማይዘው ማረሻ ከሠራ አንጥረኛ ቤት ወጣ። ብርቱካናማውን የወለደው የመኪና ፋብሪካ ነው። ቀዩ የሁለት ቤቶች ጋብቻ ስለሆነ ሁለት ስም ተሸክሞ ይዞራል። የሩስያው ሰማያዊ ግን የሰው ስም የለውም፤ ባለቤቱ መንግሥት ነውና። «ፋብሪካ ይሸጣል፣ ስም ይገዛል፣ ቀለም ይቀየራል፤ የማርሽ ጥርስ ግን አይዋሽም» ትይ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ «እናንተ የቄስ ልጆች ቀጥቃጭ ስታዩ ታማትባላችሁ፤ ፈረንጅ ግን የቀጥቃጩን ስም አረንጓዴ ብረት ላይ ጽፎ ዓለምን ያርሳል» ብለሽ ሳቅሽብኝ። እኔ አልሳቅሁም።

የመንግሥት እርሻው ከተዘጋ ከብዙ ዓመት በኋላ የገበሬ ማኅበራችን ትራክተር ሲገዛ ሰብሳቢው እኔ ነበርሁ። አንድ ነጋዴ ያመጣልን ቀይ፣ ሁለቱ ስሞች በኮፈኑ ላይ የሚያብረቀርቁ፣ ለዓይን የሚያምር ነበር። ከማንጎው ሥር ጉባኤው ተቀምጦ ሳለ አንቺ ተነሣሽ፤ ኮፈኑን ከፍተሽ ከውስጥ በኩል በአውራ ጣትሽ ጥፍር ጫር አደረግሽና «ይኼ ሰማያዊ ነው። አሮጌ ነው። ቀለም አልብሰው ነው ያመጡልን» አልሽ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የተማርሁትን የተቀደሰ ቃል እንደ ዱላ አንሥቼ «ሴት በጉባኤ ዝም ትበል ተብሎ ተጽፏል» አልሁሽ። ሕዝቡ ሳቀ። አንዱ ጎልማሳ «እማማ፣ ወጡ እንዳያርርብዎት!» ብሎ ጮኸ፤ አልገሠጽሁትም። ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ተቀመጥሽ። እኔ ፈርሜ ተረከብሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ትራክተር አንዲት ቃል አልተነፈስሽም። ትራክተሩ ሦስት ክረምት አረሰ። በየክረምቱም «አያችሁ? በእምነት የተገዛ አይከዳም» እያልሁ ሰበክሁ። አንቺም እስክትሞቺ ድረስ ጎመንሽን እየቀነጠስሽ ታዳምጪኝ ነበር። ያ ዝምታሽ መሸነፍ መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ የመጀመሪያው ዝናብ እንደ ጣለ ትራክተሩ መካከል ማሳ ላይ ቆመ። ለቀዩ ተብሎ ከጋምቤላ ከተማ የመጣው ዕቃ አልገጥም አለ። አብሮሽ በእርሻው የሠራውን አኙዋኩን መካኒክ ኡመድን አስጠራሁት። ከፍቶ አየና እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አባ፣ ይሄ ቀይ አይደለም። ማዘር ታውቅ ነበር» አለኝ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር ነገረኝ። በየዓመቱ እኔ ለዐቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያን ስውል አንቺ በእግርሽ እርሱ ዘንድ ትሄጂ ነበር። በተዘጋው እርሻ ግቢ ዝገት ከሚበላቸው ሰማያዊ ትራክተሮች መካከል የሚስማማውን ማርሽ በዓይንሽ ትለዪለታለሽ፤ እርሱ ፈትቶ ይገጥማል፤ ያለ ዓይንሽ ግን የሚስማማውን መለየት አይችልም። የመጨረሻውን የገጠማችሁት ከመሞትሽ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፣ ወባው እያንቀጠቀጠሽ ነበር። «ለባሌ አትንገረው አለችኝ» አለ ኡመድ። «ስሙ ይበላሻል አለች።»

ወለተ ኪዳን፣ እኔ በአደባባይ ያዋረድሁሽ ሰው ነኝ፤ አንቺ በስውር ስሜን ስትጠግኚ ኖርሽ። እምነቴ ነው ያልሁት ያንቺ እጅ ነበር። አንቺ ስትሞቺ ያም ብረት የቀረው አንድ ክረምት ብቻ ነበር። አሁን ሰዎቻችን በዶማ ይቆፍራሉ፤ ግማሹ መሬት አረም ለብሷል። ወጡ እንዳያርርብዎት ያለሽ ጎልማሳም ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነው። በእርሱ ልፈርድ አልችልም፤ መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ ጉባኤውን በዚያው ማንጎ ሥር ሰብስቤ ሁሉን አንድ ሳላስቀር ተናገርሁ፤ ሰብሳቢነቱንም ለቀቅሁ። ከዚያ ጎረቤታችን እትዬ ዘምዘም «መሪጌታ፣ ይኼን ዛሬ ለእኛ ከሚነግሩን ያኔ ለእሷ ቢነግሯት ምን ነበረበት?» አለችኝ። ልክ ናትና ጎንበስ ብዬ ተቀበልሁ።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ የሽቦ ብሩሽ ይዤ ቀዩን ቀለም እፍቃለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ትራክተሩም በዚህ አይነሣም። ሁለቱን የውሸት ስሞች አጥፍቻለሁ፤ ሰማያዊው እየወጣ ነው። ከኮፈኑ ውስጥ ያለችውን የጥፍርሽን ጭረት ግን አልነካኋትም፤ በዙሪያዋ መዳፍ የምታህል ቀይ ትቼላታለሁ፣ ጭረቷ እንድትለይ።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅርታን ከሙት መለመን መልስ የማይሰጥ ሰው መርጦ መማለድ ነው። የምገባልሽ ቃል ይህ ብቻ ነው፦ እስክሞት ድረስ፣ በዚያ ማንጎ ሥር ሴት ልትናገር ስትነሣ፣ እኔ እቀመጣለሁ። በተቀመጥሁም ቁጥር አስብሻለሁ።

ባልሽ