የሚዛንን እግር ለማየት

ሐሙስ

ጠፋ። ስፖርት የምናይበት ጣቢያ ወደ ሌላ ሳተላይት ተዛውሯል አሉ፤ ስክሪኑ ላይ «ሲግናል የለም» ብቻ። እኔስ ግድ የለኝም። ጭንቁ የአከራዬ የአደይ ለተብርሃን ነው። ልጃቸው ሚዛን እሑድ ውጭ አገር ትሮጣለች፤ ጉልበቷን ተጎድታ ከታከመች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «ድኛለሁ» ትላለች። አደይ አያምኑም። «በስልክ ድምፅ እንጂ እግር አይታይም፣ ሀያት ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ዓርብ

ዲሽ ሠሪው «መጣሁ» አለ፤ አልመጣም። ከተማው ሁሉ ዲሽ እያዞረ ነው። ጨርቅ ስሸጥ ውዬ ከገበያ ስመለስ አደይ ባዶው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል።

ቅዳሜ

ዲሽ ሠሪው ዛሬ ጭራሽ ስልኩን ዘጋ። ጎረቤታችን መምህር ሐጎስ ግቢያቸው መሬት ላይ የተተከለውን ዲሻቸውን አስተካክለዋል። «ሳተላይቱ ካለበት አይነቃነቅም፤ ዲሻችሁ የኔ ወደሚያይበት ካየ ይበቃል» አሉኝ። የጣቢያውን አዲስ የፍሪኩዌንሲ ቁጥርም ሪሲቨሩ ላይ አስገቡልን። ጣራ ግን አይወጡም፤ ወገባቸውን ያማቸዋል። እኔ ደግሞ ከወንበር በላይ ወጥቼ አላውቅም። ነገ እወጣለሁ ብያለሁ። ምን ነካኝ?

እሑድ

ወጣሁ! ቆርቆሮው ከእግሬ ሥር ይንጫጫል። መምህር መሰላሉን ይዘዋል፤ አደይ ከቤት ውስጥ ሆነው «አጆኺ! በርቺ!» ይሉኛል። ብሎኑን አላላሁ፤ ዲሹን ትንሽ ገፋሁ። «የለም!» ይላሉ ስክሪኑን እያዩ። አሁንም ትንሽ። «የለም!» ሩጫው ተጀምሯል። ክንዴ ዛለ። ቢስሚላህ ብዬ አንዲት ጣት ያህል ወደ ላይ ቀና አደረግኩት። ከታች ጩኸት ሰማሁ። «መጣ! መጣ!»

ብሎኑን አጥብቄ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሚዛን አራተኛ ነበረች። አደይ ደረጃው ምን ገዷቸው! ስክሪኑ ሥር ተንበርክከው ጉልበቷን ብቻ ያያሉ። «አታነክስም! እዪልኝ ሀያት፣ አታነክስም!» በመጨረሻው ዙር አንዷን አለፈች። ሌላዋንም። ሁለተኛ ወጣች! አደይ እልልታውን ሲያቀልጡት ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችንን ሞላው። እኔም እጄ ዝገት በዝገት ሆኖ አብሬ እልል አልኩ።

ሰኞ

ሚዛን ደወለች። አደይ «አየሁሽ» አሉና አለቀሱ። ስልኩን ለኔ ሰጡኝ፤ እሷም እያለቀሰች ነበር።

ክንዴ እስከ ትከሻዬ ያመኛል። ወሬው ገበያ ድረስ ደርሶ ኖሮ ጎኔ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ «የኛንም አዙሪልን» አለችኝ። እሺ አልኳት። እንደገና ይሳካልኝ እንደሆነ እንጃ። ጣራቸው ደግሞ ከኛው ከፍ ይላል።