ስለ ወይዘሪት ኢስተሂል «የሐሰት ክስ» እና እኔ ስለጻፍኩት አንድ ዐረፍተ ነገር

ለክቡር ዳኛ ዐብዲጀባር
ከካራማራ ወዲህ ባለችው ከተማችን የወንጀል ችሎት

ክቡር ሆይ፣ ለተከሳሽ ጠበቃ ያሳዩትን ትዕግሥት የሚያህል ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎ፣ በችሎትዎ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስላየሁት ነገር ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ጨርቅ ቸርቻሪዋ ወይዘሪት ኢስተሂል የመጋዘኑ ባለቤት አስገድዶ ደፈረኝ ብላ ስትቀርብ፣ ረፋዱን ሙሉ ስለዚያ ቀን አንዲት ጥያቄ እንኳ እንዳትጠየቅ ስላደረጉላት አመሰግናለሁ። ጠበቃው በመስቀለኛ ጥያቄ ያዋከባት ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በዚሁ ዓይነት ወንጀል ከስሳ ስለተወችው ጉዳይ ነበር፤ ያኔ ዋሽታለችና ዛሬም ትዋሻለች ሲል፣ እርስዎ ራስዎን በአዎንታ ነቀነቁ። ተከሳሹን ግን ስሙንና ሥራውን ብቻ ጠይቀው፣ እግሩን ያመዋል ስለተባለ ወንበር አስመጡለት።

ሁለተኛ፣ ያ የቀድሞ ክስ ለምን እንደተዘጋ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ከግራር ሥር ተቀምጠው ተስማሙ፣ አጎቷ አቶ ሱጉሌ ካሳውን ተቀበሉ፣ ልጅቱን ግን ምን ትያለሽ ያላት አልነበረም። ክሱን የተወችበትን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በስሜት ተነሣሥቼ ከሰስኩ እንጂ የተባለው ድርጊት አልተፈጸመብኝም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያስገባሁት፣ ያለ እርሱ መዝገብ ቤቱ ስለማይቀበል ነው፤ በግጦሽ ጠብም በድብደባም ሃያ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ኢስተሂል አማርኛ ማንበብ አትችልም። ምን ይላል ብላ ስትጠይቀኝ፣ ታርቀናል ይላል ልጄ፣ ብዬ ጣቷን ቀለም አስነከርኳት።

ሦስተኛ፣ ይህንኑ ቀርቤ ልመስክር ብዬ ያስገባሁትን ወረቀት፣ አይመለከትህም በሚል ቃል ሳይገለጥ ስለመለሱልኝ እጅ እነሣለሁ። በወጣትነቴ ያየኋቸው ዳኞች የማመልከቻውን ጸሐፊ ያስጠሩ፣ ባለጉዳዩንም በገዛ ቋንቋው በአስተርጓሚ ይሰሙ ነበር፤ ምን ያህል ጊዜ ያባክኑ እንደነበር አሁን ገባኝ።

ፍርዱ ሰኔ 14 ይነበባል። የኢስተሂል ሱቅ ከሰውየው መጋዘን ፊት ለፊት ነው፤ በነፃ ከወጣ በማግስቱ ወይ ዐይን ለዐይን እያየችው ትነግዳለች፣ ወይ ከተማውን ትለቃለች። ስለዚህ ከዚያ በፊት እኔን ያስጠሩኝ። በመዝገቡ ውስጥ ያለው ውሸት የእኔ ነው።

ከእውነት ይልቅ ለወረቀት ያለዎትን አክብሮት እያደነቅሁ፣ ከችሎትዎ ደጃፍ ሃያ እርምጃ ርቄ የምቀመጥ ታዛዥዎ፣

ወልደሥላሴ ማንያዘዋል
ጡረተኛ መምህርና ማመልከቻ ጸሐፊ
ግንቦት 28 ቀን 2002 ዓ.ም.

ከፊርማ በኋላ፦ ዳኛ ሳይሆኑ በፊት ጎረቤትዎን ዐብዲወሃብን በድብደባ ከስሰው በሽማግሌ ሲታረቁ፣ ክሱን የተዉበትን ማመልከቻ የጻፍኩልዎ እኔ ነበርኩ፤ ቅጂው በእጄ አለ። ያችው ዐረፍተ ነገር አለችበት፣ እርስዎ ደግሞ አንብበው ፈረሙ። ድርጊቱ አልተፈጸመብኝም ቢሉም፣ የወለቀው የፊት ጥርስዎ እስከ ዛሬ አልበቀለም።