ሒሳቤን ልጠይቅ ሄጄ

ሐሙስ፣ ጥር 14

የክፍያ መጠየቂያውን እንደገና አሳትሜ ሴቻ ወደ ጋሽ ታምሩ ሆቴል ወጣሁ። ዛሬስ ሳይከፍለኝ አልመለስም ብዬ ነበር። የሆቴሉን ግድግዳ ከሳልኩለት ወራት አለፉ። እንግዳው ሁሉ የሳልኳቸው አዞዎች አጠገብ ፎቶ ይነሳል፤ ለእኔ ግን መልሱ ያው “ነገ ነይ” ነው።

ስደርስ በሩ ላይ ድንኳን ተተክሏል። እናቱ አርፈዋል። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጥኩ፤ ንፍሮም ዘገንኩ። ልሰናበተው ስል እጄን ያዝ አድርጎ፣ “ለአርባቸው እናቴን በትልቁ ትስዪልኛለሽ። ሒሳቡን ከፊተኛው ጋር አንድ ላይ እንዘጋዋለን” አለኝ።

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ምን ይባላል? “እሺ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ” ብዬ ፎቶአቸውን ተቀበልኩ። ለሸራው የሚሆን እንኳን የለኝም። ደክሞኛል።

ቢሆንም ማታውን በእርሳስ ጀመርኩት። ዓይናቸው ላይ ስደርስ እርሳሱን አስቀመጥኩ። ግድግዳውን ስስል በርጩማ አስወጥተው መሰላሉ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ከዚያ ቤት ሰው ሁሉ “ልጄ፣ ከፈለሽ ወይ?” ብለው የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።